«የት ጠፋህ?»፦ የጠፋው ልጅና የአማርኛ ልብ ወለድ

በአማርኛ «ጠፋ» ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። እሳት ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከብት ይጠፋል፣ ስም ይጠፋል፣ ዘርም ይጠፋል። ከቤቱ የኮበለለ ጎረምሳ «ጠፋ» ይባላል። ሁለት ሳምንት ያልደወለ ወዳጅ መንገድ ላይ ሲገኝም፣ ሰውየው እፊታችን ቆሞ ሳለ፣ «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። እሱም አይከፋውም። የጠፋ ሰው መልሱ የታወቀ ነው፤ «አለሁ» ይላል።

ቀልዱ የሚያበቃው ልጅ ሲጠፋ ነው። ይሁንና ተረት የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። ልጅ ካልጠፋ ጫካ አይኖርም፣ ጅብ አይኖርም፣ የሚናገር ወፍ አይኖርም፣ ፍለጋ የሚወጣ አባትም አይኖርም። ዛሬ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች መደርደሪያ ፊት የሚቆም ወላጅ፣ ተአምረኛ ልጅ ጠፍቶ የሚፈለግባቸውን በቃላት ጨዋታ የተሞሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያያል። ወደ ቤቱ ሲመለስም አንድ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። በእኛ ቋንቋስ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ወይስ አማርኛ ለልጅ የሚሰጠው ምክርና ቁጣ ብቻ ነው?

መልሱ «አለ» ነው። እንዲያውም የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተወለደው ልጅ ከጠፋበት ቤት ነው፤ ያውም በባዕድ ሀገር። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ።

በክብረ ነገሥት ውስጥ ያለው የንግሥት ማክዳና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሥርወ መንግሥት ሰነድነቱ ብዙ ተጽፎበታል። ተረትነቱን አስታውሶ የሚስቅለት ግን ጥቂት ነው። ሰሎሞን ለእንግዳው የሚያስጠማ ምግብ አቀረበላት። ከዚያ ተማማሉ። እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ አንዳች ነገር በግድ ላትወስድ። ማክዳ መሐላውን ስትሰማ የመጣላት ወርቅና ዕንቁ ነው። እሷም የወርቅ ድሀ አይደለችምና ያለ ስጋት ማለች። ሌሊት ጥሙ ሲያቃጥላት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል ሰሎሞን እጇን ያዘ። ውኃስ ከቤቴ ንብረት አይደለምን? ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ሀብት አለን? መሐላው ሰምና ወርቅ ነበረ። እሷ ሰሙን ሰማች፤ እሱ ወርቁን ደብቆ ያዘ። ብዙ ነገሥታት ዘራቸውን የቆጠሩበት ልጅ የተወለደው እንግዲህ ከአንድ የቃል ወጥመድ ነው።

የልጁ ስምም ጨዋታ አለበት። ክብረ ነገሥት «በይነ ልሕክም» ይለዋል። ቃሉ «ኢብን አል ሐኪም»፣ ማለትም «የጥበበኛው ልጅ» ከሚለው ዐረብኛ በግእዝ አፍ ተለውጦ የመጣ ነው። ልጁ አባቱን ሳያውቅ ያድጋል፣ አባቱ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ በ22 ዓመቱ ሰሎሞን ለእናቱ የሰጣትን ቀለበት ይዞ ይነሣል። መንገድ ላይ ያዩት ሰዎች መልኩን አይተው ንጉሡ ራሱ የመጣ ይመስላቸዋል። ሲመለስ ታቦተ ጽዮን አብራው ትጓዛለች፤ ሠረገሎቹም ከምድር ከፍ ብለው እንደ ንስር ይበራሉ። የጠፋ ልጅ፣ የምስጢር ቀለበት፣ የሚበር ሠረገላ። ይህን ዛሬ ስሙን ቀይሮ ለልጆች መጽሐፍ አሳታሚ ቢልኩት «ይህስ የታወቀ ዘውግ ነው» ይሉን ነበር።

ከዚያ የዛጉዌ ዘመን ይመጣል። በገድለ ላሊበላ እንደሚተረከው ሕፃኑ እንደተወለደ ንብ ከበበው። እናቱ ይህን አይታ ስሙን አወጣች፤ ትርጓሜውም ንብ ንግሥናውን አወቀለት ማለት እንደሆነ ገድሉ ይናገራል። ስሙ ግእዝም አማርኛም ሳይሆን ወደ አገውኛ የሚወስድ ነው። ከዚያ ዘመዶቹ ይቀኑበታል፣ መርዝ ይሰጡታል፣ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው የሚሠራቸውን አብያተ ክርስቲያናት ያሳዩታል፣ ይሰደዳል፣ ይመለሳል። እዚህም የልጁ ዕጣ አስቀድሞ የተቀመጠው በስሙ ውስጥ ነው። ስሙን መፍታት የቻለ ሰው ታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጨርሶታል።

እነዚህ ሁለቱ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ታሪኮች ናቸው። ከእነሱ ጎን ስሙ በየትኛውም ገድል ያልተጻፈ ሌላ የጠፋ ልጅ ነበረ፤ የቆሎ ተማሪው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ስንት ልጅ ከብት ሲጠብቅ ውሎ አንድ ቀን ለእናቱ ሳይናገር ጠፍቶ ሄዷል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ እየታገለ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ተሻግሯል። ወላጆቹ ለዓመታት ይኑር ይሙት አያውቁም። ይህ ሁሉ መከራ ለምን ነበር? ለቅኔ። ነገሩን በቀላሉ ስናየው ልጁ ከቤቱ የጠፋው አንድን ቃል ሁለት አድርጎ መስማት ለመማር ነው። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በየራሳቸው የቅኔ ስልት የታወቁት እንዲህ ያሉ ልጆች እየመጡ ስለተቀመጡባቸው ነው።

ኅብረ ቃል በዓለም ሁሉ እንደሚታየው የልጅ ቀልድ ሆኖ ብቻ አልቀረም፤ እኛ ዘንድ የሊቅነት መለኪያ ሆነ። ግን ሳቁን አልጣለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና በአቋቋም ሊቅነታቸው የተከበሩ ናቸው። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በአፋቸው ነው። ዛሬ በስማቸው ከሚነገረው ቀልድ ስንቱ የእሳቸው እንደሆነ ለመለየት አይቻልም። ይህ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ሕዝቡ አዲስ የቃል ጨዋታ በፈጠረ ቁጥር አባት ሲፈልግለት ወደ እሳቸው ቤት ያስገባዋል።

አሁን ወደ እ.ኤ.አ. 1868 እንምጣ። በዚያ ዓመት በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተወለደ። በዚያው ዓመት መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከሀገሩ ወጣ። አንድ ልጅ ተወለደ፤ አንድ ልጅ ጠፋ። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልጉናል።

አፈ ወርቅ በወጣትነቱ ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ ተላከ። ሥዕል ተማረ። ከዚያ በአድዋ ጦርነት ጊዜ ከኢጣሊያ ወገን ቆመና ለብዙ ዓመታት ወደ ሀገሩ መመለስ የማይችል ሰው ሆነ። በኔፕልስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አማርኛ የሚያወራው ጎረቤት በሌለበት ከተማ፣ ለፈረንጅ ተማሪ ግስ እያረባ የሚውል የዘጌ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ዘጠና ገጽ ገደማ የሆነች መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እሷ ናት።

ታሪኩ ምንድን ነው? ልጅ ጠፋ።

አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ተማርኮ ይሸጣል። ማንነቱን ያልገለጸ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ አውጥቶ ነጻ ያደርገዋል። መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋህድ፣ ሴቷ ጦቢያ። ዋህድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ ይወጣና በባርያ ፈንጋይ እጅ ይወድቃል። አሁን ፈላጊው ራሱ ተፈላጊ ሆነ። አባትና እህት ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ጦቢያ ለመንገዱ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከዚያ ያለው ሁሉ የጀብዱና የመደናገር ጨዋታ ነው። የጠላት ንጉሥ ዘመድ የሆነች ልጃገረድ «ወጣቱን» አይታ ፍቅር ይይዛታል። መጨረሻው እንደ ተረት ነው፤ የጠፋው ይገኛል፣ ንጉሡ ክርስትና ይነሣል፣ ጦቢያን ያገባል፣ ዋህድም ልጃገረዷን።

የወንድ ልብስ የለበሰች ሴት ታሪክ በብዙ ቋንቋ አለ። በአማርኛ ግን ችግሩ ከልብስ ያልፋል። የእኛ ግስ ጾታ አይደብቅም። «መጣ» ካልን ወንድ ነው፤ «መጣች» ካልን ሴት ናት፤ «ና» እና «ነይ» መሐል ማምለጫ የለም። አባት አንድ ጊዜ ደንግጦ «ነይ» ቢል ነገሩ ያበቃል። በአማርኛ መደበቅ የሚፈልግ ሰው በግሱም ውስጥ መደበቅ አለበት። ቀኑን ሙሉ ግስ ሲያረባ ለሚውል የሰዋስው መምህር ከዚህ የተሻለ የተረት መነሻ ከየት ይገኛል?

ስሞቹንም ተመልከቱ። «ዋህድ»ን ከግእዙ «ዋሕድ» ጋር ካገናኘነው «አንድ፣ ብቸኛ» የሚል ትርጉም ይሰጠናል። መንታ ሆኖ ብቸኛ መባል! «ጦቢያ» ደግሞ ሕዝቡ «ኢትዮጵያ»ን አሳጥሮ የሚጠራበት ስም ነው። መጽሐፏ በኋላ የታወቀችው በዚህ ስም ነው። በሰሙ እህት ወንድሟን ትፈልጋለች። በወርቁ ሀገር በባርነት የተሸጠ ልጇን ፍለጋ፣ መልኳን ቀይራ፣ በመንገድ ላይ ናት። ይህን የጻፈው ደግሞ ሀገሩ የማትፈልገው ሰው ነው። ምናልባት የስደተኛ ሁሉ ምኞት ይሄው ነው። እኔ እሷን ከምፈልጋት ይልቅ እሷ እኔን ብትፈልገኝ።

ርዕሱስ? «ልብ ወለድ» የዘውጉ ስም ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ማንኛውም የፈጠራ ታሪክ በዚህ ይጠራል። ሌሎች ቋንቋዎች ለዚህ ዘውግ «አዲስ ነገር» የሚል ፍቺ ያለው ስም ሰጥተውታል። አማርኛ ግን ልብ የወለደው ልጅ አለው። ባንክ ቤት «ወለድ» ማለት ሌላ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ዓመት ዓመት የሚጨምረው ነው። ይህኛውም ትርጉም ለልብ ወለድ አያንሰውም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይል ነበር። አፈ ወርቅ ግን ወደ ሀገሩ ተመልሶ በተፈሪ መኮንን ዘመን በሹመት አገለገለ፤ ነጋድራስ ሆነ፤ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነ። ፋሽስት ኢጣሊያ ሀገሪቱን ስትወር ግን ዳግመኛ ከወራሪው ጎን ቆመ። ኢጣሊያኖችም ሹመት ሰጡት፤ «አፈ ቄሣር» አሉት። በኢትዮጵያ ሥርዓት የንጉሥ ዋና ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል እንደነበር ለሚያውቅ፣ ሰውየው «አፈ ወርቅ» ተብሎ እንደተወለደ ለሚያስታውስ፣ ይህ በታሪካችን ከተፈጸሙ የቃል ጨዋታዎች ሁሉ መራራው ነው። የወርቁ አፍ የቄሣር አፍ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ታስሮ ወደ ጅማ ተጋዘ፤ ዓይኑ ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ሞተ። አንባቢ ከሰውየው ጋር መታረቅ አይገደድም። የመጀመሪያዋን ልብ ወለድ ግን ከእሱ ጋር ልንቀብራት አንችልም፤ የጠፋችውን እህት ልጃችን ልናነብላት ስንቀመጥ ደራሲው ማን እንደነበረም አድጋ የምታውቅበት ቀን ይመጣል። ቃል የሚያሳምር ሁሉ ቃሉን ይጠብቃል ማለት እንዳልሆነ ይህም አንድ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ልጅ ልብ ወለድ አልነበረም። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ሲወጣ እናቱ ጥሩወርቅ አብራው ነበረች፤ መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት። ራግቢ ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ታሞ ሞተ፤ ዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ስሙን ፍቱት፤ «ዓለም አየሁ»። ስም ያወጣለት ሰው ደስታን ማለቱ ነበር፤ «በአንተ ዓለሜን አየሁ» ማለቱ። ታሪክ ግን ሰሙን ይዞ ቃል በቃል ፈጸመበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የልዑሉ አፅም እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት የፀጉሩ ቁራጭ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ። ከአንድ ልጅ የተመለሰው ይህ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የተረት ሥራ ምን እንደሆነ ይታያል። ዓለማየሁን ፈልጎ የሚያመጣ እህት አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ኔፕልስ ተቀምጦ ልጅ ጠፍቶ የተገኘበትን ታሪክ ጻፈ። በአእምሮው ዓለማየሁ ነበረ አልልም። ግን ልጆቹ በተሸጡበት፣ በተማረኩበትና በተሰደዱበት ሕዝብ ቋንቋ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የጠፋው ልጅ የሚገኝበት መሆኑ እንዲሁ የወደቀ ነገር አይመስለኝም። እውነቱ ያልሰጠውን ልብ ወለደው።

አሁን ቢከን ሂል እንመለስ። ሰፈሩ በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ረጅም ኮረብታ ነው። የዱዋሚሽ ነባር ሕዝብ በራሱ ቋንቋ «አረንጓዴ-ቢጫ አከርካሪ» ብሎ ይጠራው ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቦስተን የመጣ አንድ ባለሀብት የከተማውን ቢከን ሂል አስታውሶ ያንኑ ስም አወጣለት። የቦስተኑ ኮረብታ ስሙን ያገኘው አደጋ ሲመጣ ለማስጠንቀቅ እላዩ ላይ ከተተከለው የምልክት እሳት ነው። እንግዲህ የሲያትሉ ኮረብታ እሳቱ ሳይኖር ስሙ ብቻ ተሰዶ የመጣበት ነው። ከሀገሩ ስም ይዞ መጥቶ አዲስ ሰፈር የሰየመ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሰፈር ለቋንቋ ሲባል የተደረገ ትግልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝኛ ትምህርት ፕሮግራማቸው ቦታ ያጣባቸው ላቲኖዎችና ደጋፊዎቻቸው ባዶውን የቢከን ሂል ትምህርት ቤት ሕንፃ ገብተው ያዙ፤ አንወጣም አሉ። ኤል ሴንትሮ ዴ ላ ራሳ የሚባለው ማዕከል ዛሬም እዚያው ነው። እነሱ ቦታ የፈለጉት አዲሱን ቋንቋ ለመማር ነበር። ዛሬ በዚያው ኮረብታ ያለው የሐበሻ ወላጅ ጭንቀት ተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ አዲሱን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

በሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቤታቸው ከሚናገሯቸው ቋንቋዎች አማርኛ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ስለ ልጆቻችን ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን የምንመልሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይሰማል፣ ግን አይናገርም»። እውነት ነው፣ ይሰማል። ሰሙን ይሰማል። «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አውልቅ» የሚለውን ሁሉ ይሰማል። የሚያመልጠው ወርቁ ነው። አክስቶቹ ቡና ላይ ተቀምጠው በአንድ ቃል ሲፈነዱ እሱ አንዷን ካንዷ እያየ «ምን አለች?» ይላል። ቀልዱን ስናስረዳው ቀልዱ ይሞታል። ስለዚህም «ስታድግ ይገባሃል» እንለዋለን። ሲያድግ ግን ቡናው ላይ አይቀመጥም።

ከቋንቋ ውስጥ መጨረሻ የሚገባው፣ መጀመሪያ የሚወጣውም የቃል ጨዋታ ነው። ልጅ ትእዛዝ መረዳቱ አማርኛ ለመቆየቱ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው መሳቁ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ እሱ ራሱ አንድ ጨዋታ ፈጥሮ እኛን ማሳቁ ነው። ይህ ደግሞ በየቤቱ ጀምሯል፤ እኛ ስድነት ብለነው እንጂ። «ና!» ሲሉት «ናህ!» ብሎ የሚመልስ ልጅ በአንድ ድምፅ ሁለት ቋንቋ አጋጭቷል፤ በአማርኛ ጠሩት፣ በእንግሊዝኛ እምቢ አለ። «አይ» በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት ሆኖ በአማርኛ እምቢታ መሆኑን ያስተዋለች ልጅ ሳታውቀው ዋሸራ ደጃፍ ደርሳለች። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት በፊት መሳቅ ይገባል፤ ቁጣው ኋላም ይደርሳል።

መጻሕፍትም መምጣት ጀምረዋል። መነሻው ሲያትል አካባቢ የሆነው ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለ ድርጅት፣ በልጅነቷ ማጂ ካደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ሆኖ፣ ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር አጣምረው የያዙ ባለሥዕል የልጆች መጻሕፍት ያወጣል። አንዱ ገጽ ላይ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልጁ የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ እኩል አይደሉም። እንግሊዝኛው የማያስቅበት ቦታ ላይ እናቱ አማርኛውን ስታነብ ትስቃለች። «ለምን ሳቅሽ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም የፊደል ገበታ የበለጠ በር ይከፍታል።

የጎደለን ረጅሙ ታሪክ ነው። በአማርኛ ተጽፎ፣ ቢከን ሂል ወይም ባሕር ዳር ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ሳይተኛ የሚጨርሰው፣ ተአምረኛ ሕፃን ጠፍቶ የሚፈለግበት፣ ስሞቹ ሁሉ ሰምና ወርቅ የሆኑበት፣ እያሳቀ የሚሄድ መጽሐፍ። መሣሪያው ሁሉ በእጃችን አለ። ቀለበቱ አለ፣ ንቡ አለ፣ የሚበረው ሠረገላ አለ፣ ደበሎ የለበሰው ልጅ አለ፣ በግስ ውስጥ የተደበቀችው ጦቢያ አለች። የመጀመሪያዋም የተጻፈችው ከሀገር ርቆ በተቀመጠ ሰው ነውና ሩቅ መሆን ሰበብ አይሆንም።

ጸሐፊው ከተገኘ ልጁ አለ። «የት ጠፋህ?» ብሎ በሚገባው ቋንቋ የሚጠራው ካገኘ፣ መልሱን ያውቀዋል።